አባትየውን የሚጫወተው ሰው

«እንግዲያውስ ወርጄ እጠብቃታለሁ» አሉ ሁሉም ሎክ ታ፣ አያት፣ የሚሏቸው ሳሞል፣ ከእንጨት ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመው።

ካሜራው ቆመ። ደረጃው ግርጌ ላይ ያለው ወጣት ተዋናይ አንገቱን ደፋ። ሽማግሌው የተናገሩት የእሱን ቃል ነው፤ ፍቅረኛው እሱ ነው። እሳቸው አባትየው ናቸው። ባለ ሩዝ ወፍጮ፣ ልጄን ዛፍ እየወጣ የዘንባባ ጭማቂ ለሚያወርድ ድሃ አልድርም ብሎ በሩን የሚዘጋው ሰው።

የእሳቸው ቃል አንዲት ናት። ከባታምባንግ እስከ ፕኖም ፔን ፊልሙ የሚሠራበትን መጽሐፍ ያላነበበ እንኳ ያውቃታል፤ እናቶች ሴት ልጆቻቸውን ሲገሥጹ ይሏታል፣ ባለ ባጃጆች ከኋላ መስታወታቸው ላይ ይጽፏታል። «ዛፍ ላይ የሚውል ሰው ሩቅ ያያል፤ ቤት የሚሠራው ግን መሬት ላይ ነው።»

ቫናሪ ከካሜራው ማሳያ ፊት ተነሳች። ዳይሬክተሯ እሷ ናት። ፕሮዲዩሰሩ ቪቦል ላቡን በአንገት ልብሱ በክራማው እየጠረገ አጠገቧ መጣ።

«እህት ዓለም፣ ጆሯቸው ውስጥ የከተትንላቸውም ነገር አልሠራም። ሹክ ሲሏቸው ይደግማሉ፣ ወዲያው ተመልሰው ፍቅረኛ ይሆናሉ።»

«ትንሽ ይረፉ።»

«አረፉ፣ የሩዝ ገንፎ በሉ፣ ተኙ። ከዚህ በላይ ምን እናድርግ? ያ የቴሌቪዥኑ ኮሜዲያን ከተማ ነው ያለው። ደውዬለታለሁ።»

«እሱን እኮ ሰው ገና ሲያየው ነው የሚስቀው።»

«ይሳቅ። ቃሏን ግን ይላታል።»

ቫናሪ ወደ ደጃፉ ቀና አለች። ፊልሙን እንድትሠራ ያነሣሷት ሳሞል ናቸው። በጦርነቱ ዘመን፣ እሳቸው ገና ጎረምሳ ሳሉ፣ ይኸው መጽሐፍ ሊቀረጽ ተጀምሮ ነበር። ያኔ ፍቅረኛው እሳቸው፣ ልጅቷ ደግሞ ፋሊ የምትባል ተዋናይት ነበሩ። ፊልሙ ሳያልቅ ከተማው ሁሉ በጠመንጃ አፈሙዝ ወደ ገጠር ተነዳ። ከዚያ ቀረጻ በሕይወት የተመለሱት ሳሞል ብቻ ናቸው። ቫናሪ ቤታቸው ድረስ ሄዳ «ያኔ የተቋረጠውን እንጨርሰው» ስትላቸው እጇን ይዘው አልቅሰው ነበር። በዚያን ጊዜ መርሳቱ አልጀመራቸውም። ወይም ጀምሯቸው፣ እሷ ማየት አልፈለገችም።

ደረጃውን ወጣች።

«ሎክ ታ፣ እስቲ አረፍ ይበሉ።»

«ደህና ነኝ ልጄ። ጥሩ አላልኩም እንዴ?»

«ጥሩ ብለዋል።»

«ታዲያ ሰዎቹ ፊታቸው ለምን ጠቆረ?» ጠጋ አሏትና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አባትየው ነው አይደል ያስቸገራችሁ? እኛንም አስቸግሮን ነበር፤ ጠጥቶ ነው የሚመጣው። ፋሊ ‹ይሄ ሰውዬ በሩን የሚዘጋብን የምሩን ነው› ትላለች።» ሳቁ። «አሁንስ ማን ነው የሚጫወተው?»

ልትዋሻቸው ትችል ነበር። ግን ደክሟታል፤ ፀሐይዋም ወንዙ ላይ አዘቅዝቃለች።

«እርስዎ ነዎት፣ ሎክ ታ።»

ቀኝ እጃቸውን አንሥተው ጀርባውን አዩት፤ ገልብጠው መዳፉን አዩት።

«ሸምግያለሁ ማለት ነው?»

«አዎ።»

«በጣም?»

«በጣም።»

«እሷስ?»

ቫናሪ ዓይኗን ወደ ወንዙ መለሰች። ሽማግሌው አዘኑላት መሰል ትከሻዋን መታ መታ አደረጉ። «ተይው፤ አንቺ ከየት ታውቂያለሽ፣ ያኔ መች ተወለድሽ» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው ቆሙ። «በይ አስነሺው ካሜራሽን። አባትየው እኔ ከሆንኩ፣ በሩን ልዝጋውና ይለቅላችሁ።»

ሮጣ ወረደች። ካሜራው ተነሣ። ሳሞል ከላይ ወጣቱን ቁልቁል አዩት። ፊታቸው ጠነከረ፣ አገጫቸው ወጣ፤ መጽሐፉን ላነበበ ሁሉ እነሆ ባለ ወፍጮው ራሱ። ቪቦል እንኳ ክራማውን አፉ ላይ ይዞ ቀረ።

«ዛፍ ላይ የሚውል ሰው ሩቅ ያያል» አሉ። ድምፃቸው ግቢውን ሞላው።

የቀረውን ሁሉም በልቡ አለላቸው። እሳቸው ግን ልጁን እያዩት ነው። የተቀደደ ሸሚዙን አዩ፣ በጭቃ የተለወሰ እግሩን አዩ። የበሩን እንጨት የጨበጠ እጃቸው ላላ።

«ና ግባ ልጄ» አሉት። «ምን ያስቆምሃል እዚያ? ውስጥ ናት።»

ወደ ጎን ብለው መንገዱን ለቀቁለት። ወጣቱ ምን ማድረግ እንዳለበት ግራ ገብቶት ወደ ቫናሪ ዞረ። ቫናሪ አላየችውም። ዓይኗ ማሳያው ላይ ነው፤ ወለል ብሎ ከተከፈተው በር አጠገብ ቆመው የሚጠብቁት ሽማግሌ ላይ። በሥራ ዘመኗ እንዲህ ያለ ነገር ቀርጻ አታውቅም።

«እንቁረጠው» አለ ካሜራማኑ በለሆሳስ።

«ቁረጠው።»

ቪቦል ስልኩን አውጥቶ ነበር። ክፋት አልነበረበትም፤ የእሱም ዓይን ቀልቷል። «አባትየው በሩን ከከፈተላቸው እኮ ታሪክ የለም፣ እህት ዓለም። ይጋባሉ፣ አለቀ።»

«አውቃለሁ» አለች።

ኮሜዲያኑ ነገ በጠዋት ይመጣል ተባለ። ሳሞልን ደግፈው አወረዷቸውና የራሳቸውን ልብስ አለበሷቸው። የረዷቸውን ሁሉ አንድ በአንድ እጅ ነሥተው መኪና ውስጥ ገቡ። የት እንደሚወስዷቸው አልጠየቁም።

ልብስ ሰፊዋ የባለ ወፍጮውን ኮት ይዛ መጣች።

«አዲሱ ሰውዬ ቦርጫም ነው አሉ። ወገቡን ልልቀቀው?»

ቫናሪ ኮቱን ዳሰሰችው። ገበሩ በላብ ርሷል፤ ሙቀቱም ገና አልወጣም።

«ልቀቂው።»

ሴትዮዋ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ ኮቱን ጉልበቷ ላይ ገለበጠችና ስፌቱን ትተረትር ጀመር።