ያልደረቀው ጉንጭ

የጭነት መኪናው ኮረኮንቹ ላይ በዘለለ ቁጥር የሠዓሊዋ ልብ አብሮ ይዘል ነበር። "አጎቴ፣ በናትህ አቁምልኝ!"

"አሁንም? ሥዕል ነው ይዘን የምንዞረው ወይስ በሽተኛ?" አለ ሾፌሩ፣ የእናቷ ታናሽ ወንድም።

"የእማዬ ሥዕል ቀለሙ አልደረቀም ነበር። ለዛሬው ከተማ ትርኢት ይድረስልኝ ብዬ በእርጥቡ ጠቀለልኩት።"

ቀልዱን ዋጠና ዳር ይዞ ቆመ። ወርዶ የኋላውን በር ከፈተ። ሥዕሎቹ በየብርድ ልብሳቸው ተጠቅልለው ቆመዋል። እናትየው አንድ ፎቶ እንኳ ሳትነሳ ነበር ያለፈችው፤ ያንን ፊት ልጅቷ ከትዝታዋ ብቻ ነው የሳለችው። የእናቷን ሥዕል ገመድ ፈታችና ጨርቁን ሳበች፤ አልላቀቅ አላት። "ቀስ ልጄ፣ ቀስ" አለና አጎቷ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አምላኩን ለመነ። ጨርቁ ተላቀቀ። ሥዕሉ ውስጥ የእናቷ ግራ ጉንጭ ላይ የብርድ ልብሱ ጠርዝ ከጆሮዋ እስከ አፏ ድረስ ታትሞ ቀርቷል።

"አበላሸኋት!" መስመሩን ልታስተካክል አውራ ጣቷን ስትዘረጋ አጎቷ እጇን ያዘ።

"እንዳትነኪያት።" ወደ ሥዕሉ ጎንበስ አለ። "ቀን ጋደም ብላ ስትነሳ የትራሱ መስመር እዚሁ ጉንጯ ላይ ይወጣ ነበር። ረሳሽው?"

"'ማን ተኛ?' ብላ ድርቅ ነበር የምትለው" አለች ልጅቷ፤ ሳቋ ከእንባዋ ቀደመ።

እስከ ከተማው ድረስ ሥዕሉን ጋቢና ውስጥ ጭኗ ላይ አድርጋ ሄደች። አጎቷም እህቱ እንዳትነቃበት የፈራ ይመስል ጉድጓዱን ሁሉ ቀስ እያለ አለፈው።