ለዘሊካ የዘገየው ባትሪ

የሱዳን ጦርነት ሊገባ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ካርቱም ዐማራት በሚባል ሰፈር የሚገኝ አንድ የግል ዩኒቨርሲቲ ኪራይ ከብዶት ከሁለቱ ፎቆቹ አንዱን ለቀቀ። ለሠራተኛው ሁሉ የሚበቃ መቀመጫ ጠፋ። ስለዚህ ገሚሱ ቢሮ እየመጣ፣ ገሚሱ ከቤቱ ሆኖ እንዲሠራ ተወሰነ።

ከቤት መሥራት ሲያወሩት ቀላል ነው። መብራት ይጠፋል፤ ኔትወርክ ይቆረጣል። እያንዳንዱ ሠራተኛ ቤት ሞደም፣ ባትሪና ደህና ወንበር መድረስ አለበት። ይህን የሚያደርሰው ጃፋር የሚባል የወሎ ሰው ነበር። አምጃድ የሚሏትን የዩኒቨርሲቲውን ትንሽ መኪና የሚነዳውም እሱ ነው። «ይህ ቤት ለሥራ ይሆናል» ብሎ እሱ ካልመሰከረ ማንም ከቤቱ አይሠራም። ሱዳናዊቷ ዲን ዶክተር መዲና በዚህ ጉዳይ ከጃፋር ቃል ሌላ አትሰማም።

ጃፋር ለሁሉም ፈጥኖ ያደርሳል። የዘሊካ ተራ ሲደርስ ግን እጁ ከበደ።

ዘሊካ ተማሪ መዝጋቢ ናት። እሷም የወሎ ልጅ ናት። ካርቱም በሰው ቤት ሠራተኝነት ገብታ፣ ዐረብኛ መጻፍ ተምራ ነው ለዚህ የበቃችው። ጠዋት ጠዋት ከጃፋር አጠገብ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ትመጣለች፤ ማታም እንደዚያው ትመለሳለች። ምሳ ሰዓት ፉላቸውን ከአንድ ሳህን ይበላሉ። ሻዩ ላይ ስኳር ሲያበዛ እጁን መታ ታደርገዋለች።

«ነግ ብትታመም ማን ሊያስታምምህ ነው?» ትለዋለች።

ይህን ስትል ጃፋር ደስ ይለዋል። አንዳንዴ እንድትቆጣው ብሎ ስኳር ይጨምራል።

ከዚያ ያ ሰውዬ መጣ።

ጃፋር ነገሩን ያየው ከእጇ ላይ ነው። አንድ እሑድ፣ የሱዳን የሥራ ሳምንት በሚጀምርበት ጠዋት፣ እጇም እግሯም ጥቁር ሒና ተስሎበት ብቅ አለች። የሱዳን ሴቶች የሚታጠኑት የዱኻን ሽታ መኪናውን ሞላው።

«ሒናው ለማን ነው?» አላት መሪውን ጨብጦ።

«ለእጄ ነዋ!» ብላ ሳቀች።

ጃፋር አልሳቀም። በማግሥቱ ከኋላ ተቀመጠች። ከዚያም ምሳዋን ከቤት ይዛ መምጣት ጀመረች። ስልኳ ሲጠራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወደ ደረጃው ትወጣለች። በመጨረሻ ከቤት ልሥራ አለች።

«እስከ ዛሬ ቢሮ ይሻለኛል ስትዪ ነበር» አላት ጃፋር።

«እስከ ዛሬ ነዋ።»

«አሁን ቤት ምን ተገኘ?»

ዘሊካ ትክ ብላ አየችው። «እያወቅህ አትጠይቀኝ፣ ጃፋር። እኔና አንተ ተከባብረን ነው የኖርነው።»

ጭራሽ ለመደበቅ እንኳን አልሞከረችም!

ለዲኗ፣ በዘሊካ ሰፈር ኔትወርኩ ደካማ ነው ብሎ ነገራት። ዲኗም እውነቱን እንዲያጣራ የኮምፒውተር ጠጋኙን ፍሰሐን ላከች። ፍሰሐ ከሰዓት በኋላ ላቡን እየጠረገ ተመለሰ።

«ኔትወርኩ ሸጋ ነው» አለ። «ሰውዬው ራሱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አገዘኝ። ሻይ አጠጣኝ። የጅዳን ኑሮ ሲያጫውተኝ ቆየ።»

«የትኛው ሰውዬ?»

«ያው… ሰውዬው ነዋ» አለ ፍሰሐ፤ ዓይኑን ከጃፋር ዓይን አሸሸ።

«ምን ለብሷል?»

«ጀለቢያና የቤት ጫማ። ግቢውን ውሃ ሲረጭ ነው የደረስኩት።»

«የቤት ጫማ!» አለ ጃፋር።

«ያ ዘውል» አለ ፍሰሐ፣ ሱዳኖቹ «አንተ ሰው» ሲሉ እንደሚሉት፤ «ተው ይቅርብህ። ሰው መሳቂያ ያደርግሃል።»

«ከዚህ ወዲያ ምን ቀረኝና!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውዬው ከዓይኑ አልጠፋ አለ። ውሃ ሲረጭ ያየዋል። በቤት ጫማው ሲንጎራደድ ያየዋል። ከእጇ ሻይ ሲቀበል ያየዋል። ስኳር ሲያበዛ ትቆጣው ይሆን? እዚህ ላይ ሲደርስ ጃፋር ጥርሱን ያፋጫል።

ኔትወርኩ ሰበብ መሆኑ ሲቀር ባትሪ ጠፋ አለ። ዲኗ አስጠራችው።

«ያ ጃፋር፣ ለሌላው ሁሉ ተገኝቶ ለዘሊካ ብቻ የሚጠፋ ባትሪ ምን ዓይነት ባትሪ ነው?»

«ይደርሳል፣ ኢንሻላህ።»

«ኢንሻላህ ስትል ሰነበትክ። ኸላስ፣ በቃ! እሷን ዛሬ ቤትሽ ሆነሽ ጠብቂ ብያታለሁ። የማታደርስ ከሆነ የመኪናውን ቁልፍ ለፍሰሐ ስጠው።»

ጃፋር ቁልፉን አልሰጠም። ባትሪውን ጭኖ ራሱ ካርቱም ሁለት ወደሚባለው የዘሊካ ሰፈር ነዳ። የሚናገረውን መንገድ ላይ አሰናዳ። በመጀመሪያ ሰውዬውን «አንተ ከየት የመጣህ ነህ?» ይለዋል። ቀጥሎ «ማን አስገባህ?» ይለዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን አላህ ያውቃል።

የግቢው በር ገርበብ ብሎ ነበር። ባትሪውን በትከሻው እንደ ተሸከመ በእግሩ ገፋው።

ሰውዬው ኒም ዛፍ ጥላ ሥር አልጋ አውጥቶ ጋደም ብሏል። ጃፋርን ሲያይ ብድግ አለ። ቁመተ ሎጋ ነው፤ ጺሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል።

«ማን ልበል፣ ወንድሜ?» አለው ሰውዬው ቀድሞ።

ጃፋር ከዩኒቨርሲቲው መምጣቱን ብቻ ተናገረ። የሰውዬው ፊት በራ። ባትሪውን ከትከሻው ላይ ተቀበለው፤ አልጋው ላይ ቦታ ለቀቀለት። ከዚያ ፊቱን ወደ ቤቱ መለሰ።

«ዘሊካ! ዕቃ የሚያደርሰው ሰውዬ መጥቷል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ስጪው» አለ ባሏ።