አንዲቷ መሰላል

ሀርጌሳ ከጦርነቱ በኋላ እንደ አዲስ ስትገነባ፣ አናጢው ደምመላሽ ከተሰበረ መርከብ በተነቀለ እንጨት ጣሪያ ይማግር ነበር። ባልደረባው ኸይሩ ከታች ሆኖ፣ የመርከቡ ሰዎች ወና ደሴት ላይ ሸሚዝ እያውለበለቡ መሞታቸውን ነገረው።

"ሰነፍ ሁላ። ዋኝተው አይወጡም ነበር?" አለ ደምመላሽ፣ ምራቁን እየተፋ።

ያለቻቸው መሰላል አንዲት ናትና፣ ኸይሩ እንደ ልማዳቸው ለጎረቤት ግንበኞች ሊያውሳት ተሸክሟት ሄደ።

ደምመላሽ የመጨረሻዋን ሚስማር መትቶ፣ "አንተ ከንቱ፣ መሰላል አምጣ" ሲል ተጣራ።

ኸይሩ መጥቶ ጣሪያውን አሻቅቦ አየ። ከዚያ ወደ ግንበኞቹ ዞረ።

"የጠራኝ መስሎኝ ነበር። ወላሂ፣ ማንም የለም።"

ደምመላሽ እየተሳደበ ሸሚዙን አውልቆ ያውለበልብ ጀመር። ጠዋት ሙልጭ አድርጎ የተላጨው ጢሙ የዓመታት ያህል አድጎ ራቁት ደረቱ ላይ ተዘናፈለ።