ጉጉት የሚባለው አስተማሪ

ሊፍት ጠጋኙ ሚስቱን መጠርጠር የጀመረው ሳቋን ከሰማ በኋላ ነው። ኮምፒውተሯ ፊት ብቻዋን ተቀምጣ፣ አፏን በእጇ ይዛ ትንከተከታለች። ከእሱ ጋር እንዲህ ከሳቀች ዓመት ሳይሆናት አይቀርም።

«ምን ተገኘ?» አላት።

«ጉጉት ነው። አንዲት ዘዴ አሳየኝ፤ የሦስት ቀን ሥራዬ ባንድ አፍታ አለቀ!»

ሚስቱ ተርጓሚ ናት፤ ቤት ሆና ወፋፍራም የማሽን መመሪያዎች ትተረጉማለች። ከጥቂት ወራት በፊት የምትጽፍበትን ፕሮግራም ለውጣ፣ ጥቁር መስኮት ላይ ነጭ ፊደል ብቻ የሚታይበት፣ ማውስ የማይነካበት አንድ የጽሑፍ ማረሚያ ጀመረች። መጀመሪያ ሰሞን አንዴ ከከፈተችው በኋላ ከውስጡ መውጣት እንኳ አቅቷት ልታለቅስ ደርሳ ነበር። ከዚያ በተጠቃሚዎቹ የመወያያ ገጽ ላይ ጉጉት በሚል የብዕር ስም የሚጽፍ ሰው አገኘች። በቃ፣ የቤቱ ወሬ ሁሉ ጉጉት ሆነ።

«አየህ፣ የምትጫናቸውን ቁልፎች አንድ ጊዜ ይቀዳቸዋል፤ ዘጠኝ መቶ ጊዜ ድገም ስትለው ይደግምልሃል። የሌለውን ትእዛዝ ደግሞ ራስህ ጽፈህ ትጨምርለታለህ። ጉጉት የራሱን አሥራ ሁለት ትእዛዞች ላከልኝ።»

«አግኝተሽው ታውቂያለሽ?»

«የት አግኝቼው? ደግሞ ምን ያደርግልኛል?»

ባል አላመናትም። ቅናት ያዘው።

አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብሎ ገባና በትከሻዋ አሻግሮ አነበበ፦ «ጀርባሽን ቀና አድርጊ። ምሳሽንም ሳትበዪ እንዳትቀጥዪ።»

ምሳ እንዳልበላች በምን አወቀ? ባሏ ሆኖ እሱ እንኳ አላወቀም። እንግዲያው ሰውየው እዚሁ ቅርብ ነው፤ ያያታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፊት ለፊት ፎቅ ላይ የሚኖረውን ፋርማሲስት ሰላም ማለት ተወ። የሰውየው መስኮት ከሚስቱ ጠረጴዛ ጋር ይተያያል።

የልቡን የሚያዋየው ከእናቱ በቀር ሰው አልነበረውም። እናቱ ከማተሚያ ቤት የጽሑፍ ቅንብር ሥራዋ ጡረታ ከወጣች ወዲህ እነሱ ጋ ትኖራለች፤ በሯን ዘግታ ባሮጌ ኮምፒውተሯ ካርታ ስትጫወት ትውላለች። ከምራቷ ጋር ከተኳረፉ ሁለት ዓመታቸው። ምክንያቱ ድስት ነው፤ ምራት ያጠበችውን እናት መልሳ አጠበችው። የሰው ሥራ ሳታርም ማለፍ አይሆንላትም። ከዚያ ወዲህ «ለእናትህ ንገራት»፣ «ለሚስትህ ንገራት» እያሉ በእሱ በኩል ይላላካሉ።

«እማዬ፣ ሚስቴ ሌላ ሰው ሳትይዝ አትቀርም።»

እናቱ መነጽሯን አወለቀች። «ማንን?»

«ጉጉት የሚሉትን።»

መነጽሯን በነጠላዋ ጫፍ ወለወለች። «እና... ምን ትላለች ስለሱ?»

«ነፍሴን አዳነልኝ ትላለቻ! እንዲህ የሚረዳኝ ሰው አላየሁም ትላለች!»

«እንዲህ አለች?»

«አንቺ ደግሞ! እኔ እዚህ እየነደድኩ...»

«ሽማግሌ ቢሆንስ ልጄ?»

«ሽማግሌ ወንድ አይደለም እንዴ?»

በሚቀጥለው ሳምንት እናቱ የዓይን ሞራ ተገፈፈላትና አምስት ቀን ዓይኗ ታሽጎ ተኛች። ሐኪም ቤት ሲያመላልሳት ውሎ ቤት ሲገባ ሚስቱን ፊቷ ጠቁሮ ያገኛታል።

«ጉጉት ጠፋ» አለችው። «አንድ ነገር ሆኖ ይሆን?»

ስለ አማቷ ዓይን አንድም አልጠየቀችም። እሱ ግን ያን ያህል አልከፋውም፤ የፋርማሲስቱም መስኮት ያን ሰሞን ዝግ ነበርና ተጣልተዋል ብሎ በልቡ ደስ ብሎታል። ደስታው ግን አልቆየም። በስድስተኛው ቀን ሳቋ ተመለሰ።

ቅዳሜ ጠዋት ሚስቱ ሱቅ ስትወርድ ጠብቆ ልብሱን በሻንጣ ከተተ። ሻንጣውን በሩ ሥር አቁሞ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀመጠ። ለጉጉት የምትጽፍበትን ቦታ አገኘና በሁለት ጣቱ እየለቀመ ጻፈ፦

«ባሏ ነኝ። ከሚስቴ ምን ፈልገህ ነው? እውነቱን ካልነገርከኝ ዛሬውኑ ጥያት እወጣለሁ።»

መልሱ ዘገየ። ሁለት ጊዜ ተነስቶ ፋርማሲስቱን በመስኮት አየው፤ ሰውየው ሸሚዝ እያሰጣ ነበር።

ሲመለስ መልሱ መጥቶ አገኘው።

«ልጄ፣ ሚስትህ ፊት ለፊት አታናግረኝም፤ ይቺን እንኳ አትከልክለኝ።»