ከደረቀው ወንዝ በላይ

ባልየው ካርታ ሠሪ ነው፤ ሚስቱ ቆፋሪ። የጥንት ሰው የት የት ኖሮ ሊሆን እንደሚችል እሱ ኮምፒዩተሩ ላይ ይገምታል። ውሃ የቀረበው፣ ለጥ ያለ፣ ለመሣሪያ የሚሆን ድንጋይ በአቅራቢያው ያለበት ቦታ ሲያገኝ ካርታው ላይ ቀይ ይቀባል። እሷ ሠራተኞቿን ይዛ ሄዳ ቀዩን ትቆፍራለች።

በዚያ ዓመት የተቆፈረው ቀይ ሁሉ ባዶ ሆነ። አፈር፣ ከአፈሩ ሥር ሌላ አፈር።

የቀረው ከደረቀው ወንዝ በላይ ያለው ሜዳ ብቻ ነበር። አዲሱ መንገድ በዚያ ያልፋልና ዶዘሮቹ ቆመው ይጠብቃሉ።

«እዚህም ባዶ ከሆነ ካርታህን ጠቅልለህ ቤትህ ትገባለህ» አለው አለቃው።

ካርታ ሠሪው በሜዳው ከልቡ ያምን ነበር። ግን ፈራ። ለተማሪዎች ማሳያ ሳጥን ውስጥ ከተቀመጡት የጥንት የድንጋይ መሣሪያዎች ጥቂቱን ኪሱ ከተተና፣ ሠራተኞቹ ሲወጡ በተጀመረው ጉድጓድ ጥግ ቀበራቸው። ሚስቱ መኪናው ውስጥ ትጠብቀው ነበር።

«ምን ረስተህ ነው?»

«ሜትሬን።»

አፈር የነካውን እጁን አየችና መኪናውን አስነሳች።

በማግስቱ ከሁሉ ቀድማ ጉድጓዱ ጋ የደረሰችው እሷ ነበረች። ወደ እኩለ ቀን ሠራተኞቹ በደስታ ጮኹ። ድንጋዮቹ እሱ ከቀበረበት ጠለቅ ብለው ነበር የወጡት፤ አፈሩ ልል ስለሆነ ሰምጠው ይሆናል አለ በልቡ። ሰው ሁሉ ሲከባቸው እሱ ቀረብ ብሎ ለማየት አልደፈረም። ሚስቱ እሱን እሱን ታየዋለች።

ሜዳው እንዲጠበቅ የመንገዱ መስመር ተቀየረ። አሁን በአቅራቢያው ባለው ሰፈር መሃል ሊያልፍ ነው። ካርታ ሠሪው ለልኬት ሲሄድ አንዲት ባልቴት ከደጃፋቸው ጠሩት።

«ያገኘኸው አንተ ነህ አሉ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እዚህ ቤት ወልጃለሁ፣ ባሌንም ከዚሁ ሸኝቻለሁ። ግን የቀደሙት ሰዎች ቦታ ነው ካላችሁ ምን ይደረጋል፤ እንነሳለን። ብቻ እውነት ይሁን፣ ልጄ።»

ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድለት አለ። ከሚስቱ ጋር ጀርባ ለጀርባ ሆኑ። ልንገራት ይልና ይተወዋል። እሷም አንዳንዴ አንድ ነገር ልትለው አፏን ትከፍትና መልሳ ትዘጋለች። ንቃኛለች አለ በልቡ።

እናቷ ታመው ልታስታምም በሄደችበት ሳምንት አለቃው ፊት ቆመ።

«እኔ ነኝ የቀበርኳቸው።»

የአለቃው ፊት ጠቆረ። «አንተ አዋራጅ!» ብሎ ስልኩን አነሳ። የተገኙትን ድንጋዮች ማሳያው ሳጥን ውስጥ ወረወራቸው። መንገዱ ወደ ቀድሞ መስመሩ ተመለሰ፤ ዶዘሮቹም ሳይውሉ ሳያድሩ ሜዳውን ገልብጠው ደለደሉት። ባልቴቷ ቤታቸው ተረፈላቸው። ካርታ ሠሪው ከሥራ ተባረረ። ግን ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ወሰደው።

ሚስቱ ስትመለስ በር ላይ ተቀብሎ አንድም ሳያስቀር ነገራት። ንግግሩን ሳይጨርስ ሻንጣው ከእጇ ወደቀ።

«ምነው መጀመሪያ ለእኔ ብትነግረኝ!» አለች። «እንዳታፍር ብዬ ዝም አልኩህ እንጂ፣ የአንተን ድንጋዮች እኮ በማግስቱ ጠዋት፣ ማንም ሳይደርስ፣ አውጥቼ ወደ ሳጥናቸው መልሻቸዋለሁ።»