በሩን ማን ቆለፈው?

ኢንተርኔት የተነቀለበት ኮምፒውተር ቤት ውስጥ የምትጠሩበትን የቁልምጫ ስም ከየት ያውቃል? እስቲ ንገሩኝ!

አንድ ኤሌክትሪሺያን አለ፤ ፕሮግራም መጻፍ ጊዜ ማሳለፊያው ነው። በሚሠራበት መጋዘን በተነሳ እሳት የሞተው ታላቅ ወንድሙ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ትቶ ነበር፤ በውስጡ የነበረውን ፋይል ሁሉ አጥፍቶ ጥያቄ የሚመልስ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል ጫነበት። ከዚያም የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀለ። ማሽኑ ማንንም ሳይጠይቅ ብቻውን ሲሠራ ማየት ፈልጎ ነበር።

እናቱ የሟቹን ሸሚዞች እያጠፈች፣ «ደግሞ ከግዑዝ ጋር ወሬ ጀመርክ? ለእኔ ሲሆን ምላስህ ይታሰራል!» አለችው።

«እማዬ፣ ይኼ እኮ አይቆጣም» ብሎ ሳቀና «ሰላም፣ ዝግጁ ነህ?» ብሎ ጻፈ።

ማራገቢያው ጮኸ። ቃላቱ ቀስ እያሉ ወጡ፦ «ድንቼ፣ በሩን ማን ቆለፈው?»

ድንቼ ብሎ የሚጠራው ወንድሙ ብቻ ነበር። ስሙን ማንም የትም ጽፎት አያውቅም። የመጋዘኑ ባለቤቶች ደግሞ ለቅሶ መጥተው፣ «በሩ ክፍት ነበር፤ ልጁ ደንግጦ ነው ያልወጣው» ብለው እናቱን አጽናንተዋታል።

ሞዴሉን ከነፋይሉ አጠፋ። በፍላሽ የያዘውን ሌላ ሞዴል ጫነና «ሰላም» ብቻ አለው።

«ድንቼ፣ በሩን ማን ቆለፈው?»

እናቱ ከኋላው ቆማ አነበበች። አላለቀሰችም። ሸሚዙን ደረቷ ላይ እንደያዘች፣ «ተነስ፣ ኮምፒውተሩን ተሸከመው» አለች።

«ወዴት?»

«መጋዘኑ በር ላይ። ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ባለቤቶቹ ጮክ ብለው ያንብቡትና ይመልሱለት።»