ሎሚ ለሚደማ ድድ

«ማዕድንማ ወርቅ ነው!» አለች አንዷ ከኋላ ወንበር፣ አዳራሹም በሳቅ ተናጋ።

ነርስ ገንዘቤ አብራ ሳቀች። ለቦሌ ሚካኤል ቀበሌ ሴቶች ስለ ቪታሚንና ማዕድን እንድታስተምር ከጤና ጣቢያ የተላከች፣ ድምጿ ለስላሳ ልጅ ናት። ጠረጴዛው ላይ ወተት፣ ካሮት፣ እንቁላልና አንዲት ሎሚ ደርድራለች። ጥርስና አጥንት የሚጠነክሩት ወተቱ ውስጥ ባለው ማዕድን መሆኑን፣ ካሮቱም ለዓይን እንደሚበጅ አስረዳች። ከዚያ ሎሚዋን አነሳች።

«በዚህች ውስጥ ያለውን ቪታሚን ያጣ ሰው ድዱ ያብጣል፣ ይደማል። ዝም ከተባለ ጥርሱ አንድ በአንድ ይወልቃል፤ ሰውየውም ይሞታል።»

አስመረት ክው አለች። ሴቶቹ ሁሉ የመጡት ስኳር የሚያወጡበት ካርድ ማኅተም እንዳይነፈገው ነው፤ እሷም የመጣችው ለዚያው ነበር። አሁን ግን ነርሷ የምታወራው ስለ ዘርአጽዮን ነው፣ ስለ አንድዬ ልጇ። አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከአዳራሹ ጀርባ ባለው የቀበሌው እስር ቤት ከገባ አምስተኛ ወሩን ይዟል። ማንም እንዲያየው አይፈቀድም። የሚገባለት እንጀራ በሽሮ ብቻ ነው፤ ብርቱካን ውስጥ ወረቀት ተገኘ ተብሎ ፍራፍሬ የሚባል ነገር ከተከለከለ ቆይቷል።

ከሦስት ቀን በፊት አብዮት ጠባቂው ኤርሳዶ ባዶውን ምሳ ዕቃ ሲመልስላት፣ ወደ ሌላ እያየ «ልጅሽ አፉ እየደማ ነው፤ እንጀራውን በውኃ አርሶ ነው የሚውጠው» ብሏት ነበር። የእስረኛ ወሬ ያወጣ ጠባቂ እዚያው ከእስረኞቹ ጋር ይታጎራል። ባለፈው ወር አንዱ ታጉሮ፣ ሬሳው እንኳ ለቤተሰቡ አልተሰጠም። ኤርሳዶ ይህን እያወቀ ነው የነገራት። አሁንም ጠመንጃውን ታቅፎ የአዳራሹ በር ላይ ቆሟል።

አስመረት እጇን አወጣች። «ሎሚው ወጥ ውስጥ ቢጨመቅስ ይሠራል? ለአስራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ድዱ ለሚደማ?»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ገንዘቤ ልትመልስላት ስትል የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ መኩሪያ ከመድረኩ እጁን አነሳ። መኩሪያ ጥያቄ ይወዳል፤ በተለይ ጠያቂው እሱ ሲሆን።

«ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ጓድ አስመረት። የማን ድድ ነው የሚደማው?»

አስመረት እጇን አወረደች።

«የልጅሽ ነው? ልጅሽን ካየሽው እኮ አምስት ወርሽ ነው። የአፉን ውስጥ ማን አሳየሽ?»

ሴቶቹ ሁሉ መሬት መሬቱን ማየት ጀመሩ። አስመረት አንገቷ ወደ በሩ እንዳይዞርባት ታገለች። አንድ ጊዜ ዞር ብትል ኤርሳዶ አለቀለት።

«የእኔ ነው» አለች። «በዚህ ዕድሜዬ አፌ ይደማል ማለቱ አሳፍሮኝ በልጅ አሳበብኩ።»

«ምን ያሳፍራል? ነይ ወደዚህ። ነርሷ ትይሽ፤ ሕዝቡም ይማርብሽ።»

አስመረት በሠፈሩ የታወቀች ባለ ጥርስ ናት። ድዷን በልጅነቷ አክሱም ተነቅሳዋለች፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ደምቶ አያውቅም። ከወንበሯ እስከ ጠረጴዛው ስምንት እርምጃ ቢሆን ነው። እንደ ሀፍረተኛ ሰው አቀርቅራ፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ተራመደች። በነጠላው ሥር የአውራ ጣቷን ጥፍር ጥርሷና ድዷ መሃል ሰክታ ሸረከተችው። እንባዋ ዱብ አለ። ትንሽ መስሎ ስለተሰማት፣ ከጎኑ ደገመችው።

«አይዞዎት እትዬ፣ አፍዎን ይክፈቱ» አለች ገንዘቤ፣ የአስመረትንም ከንፈር ቀስ ብላ ገለጠች። ጥቁሩ ንቅሳት ላይ ደሙ ይወርዳል። የጥፍሩ ጭረት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ነርሷ ቀና ብላ የአስመረትን ዓይን አየች።

«ይደማል» አለች ወደ ሕዝቡ ዞራ። «የቪታሚን እጥረት ነው።»

መኩሪያ ወርዶ ራሱ አየው፤ ጊዜ ወስዶ። አመነ አላመነ፣ ከፊቱ አይነበብም። ከዚያ ፈገግ አለ።

«አብዮቱ እናቶቹን አይረሳም። ሎሚዋን ስጫት፣ ትብላት።»

«ቤቴ ወስጄ...»

«እዚሁ! በሽተኛዋ አንቺ አይደለሽም እንዴ? ከነልጣጩ።»

ነከሰችው። ኮምጣጣው ውኃ ቁስሏ ውስጥ ሲገባ እሳት ሆነባት፤ ጩኸቷን ዋጠችው። ያንገበገባት ግን ቁስሉ ብቻ አልነበረም። ከግድግዳው ወዲያ የልጇ ጥርስ እየተነቃነቀ፣ እሷ ጤነኛዋ የእሱን መድኃኒት ታኝካለች።

«ጭብጨባ!» አለ መኩሪያ። ሴቶቹ አጨበጨቡ። «የእነዚያስ?» አለ ወደ ኤርሳዶ እያየ። አዳራሹ ሲያጨበጭብ እስረኞቹም ማጨብጨብ አለባቸው፤ የቀበሌው ደንብ ነው። ኤርሳዶ ወጣ። የእስር ቤቱን የቆርቆሮ በር በሰደፍ ሲደበድብ ተሰማ።

ወዲያው ከግድግዳው ጀርባ ሠላሳ አርባ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ። ዘርአጽዮንም ከመካከላቸው ሆኖ፣ ለማን እንደሆነ ሳያውቅ፣ ያጨበጭባል። አስመረት ማኘኳን አቁማ፣ ከዚያ ሁሉ መዳፍ የትኛው የእሱ እንደሆነ ለመለየት ጆሮዋን ጣለች።

«ዋጪው እንጂ» አላት መኩሪያ።